የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መቀመጫ አተካከልና አጠነካከር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በደቡብ ወሎ ከሐይቅ ከተማ ብዙም ሳይርቅ በተራሮች መካከል የሚገኘው አርዲቦ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ፣ ጥልቀቱም ከ50 ሜትር የሚያልፍ ጨው አልባ ሐይቅ ነው። በዚህ ውኃ ላይ ተቀምጦ የቆሮሶ መረብ የሚስብ ሰው መቀመጫው ከሥሩ ቢነቀልበት የሚደገፍበት ነገር የለውም። ስለዚህ የአራት ብሎኖች ጉዳይ ተብሎ የሚናቅ ሥራ አይደለም።

በጣና የደንገል ታንኳ ላይ ቀዛፊው የሚቀመጠው በታንኳው አካል ላይ በመሆኑ የሚላቀቅ ነገር አልነበረም። በ1986 እ.ኤ.አ. ባለሞተር ጀልባዎች ለዓሣ ሥራ ወደ ጣና ገቡ። ጀልባ ወለልና በምሰሶ የቆመ መቀመጫ ሲኖረው ግን፣ ጣናም ይሁን አርዲቦ፣ የሰውየው ክብደት በሙሉ በአንዲት ጠባብ ግርጌ ላይ ያርፋል።

ብዙ ጊዜ መቀመጫ ወለሉን ወደ ታች የሚጫን ብቻ ይመስላል። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው የክብደቱ ማዕከል ከወለሉ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል እንበል። ጀልባው ድንገት ሲዞር ወይም መረቡ ሲጎትተው የክብደቱን ግማሽ ያህል፣ ማለትም 37.5 ኪሎ፣ ወደ ጎን ቢገፋው በግርጌው ላይ 22.5 ኪሎ ሜትር ክብደት የመገልበጥ ኃይል ይፈጠራል (ኪሎ ግራም በሜትር ሲባዛ ማለት ነው)። የራሱ ክብደት 5.6 ያህሉን ይመልስለታል። ብሎኖቹ በ15 ሳንቲ ሜትር ርቀት በሁለት ረድፍ ከተተከሉ የቀረው 16.9 በአንዱ ረድፍ ላይ 112 ኪሎ ያህል ወደ ላይ የሚነቅል ኃይል ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ብሎን 56 ኪሎ ይደርሳል። ይህም በቀን ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል።

ደረቅ እንጨት ይህን ይችላል፤ የረጠበ ግን አይችልም። ጨው የሌለው ውኃ ለብረት ከባሕር ውኃ የተሻለ ቢሆንም ለእንጨት የከፋ ነው፤ ጨው ብስባሴን ሲያዘገይ የአርዲቦን የመሰለ ውኃ ያፋጥነዋል። በፋይበር ግላስ መካከል የታሸገ ኮምፔርሳቶ በብሎኑ ቀዳዳ ውኃ ሲገባበት ከላይ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ይበሰብሳል። መቀመጫው መወዛወዝ ሲጀምር ረዘም ያለ ብሎን ማስገባት የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ይህ የበሰበሰውን ቀዳዳ ከማስፋት በቀር የሚጠቅመው የለም።

ትክክለኛው ሥራ የሚጀምረው ወለሉን በትንሽ መዶሻ በመምታት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ያለበት ቦታ የተበላሸ ነው። ከዚያም በቀጭን ትራፓኖ እየተበሳ ደረቅ ፍቅፋቂ እስኪወጣ ድረስ ወሰኑ ይፈለጋል። የረጠበው ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል፣ ቦታው በሚገባ ይደርቃል፣ አዲስ ኮምፔርሳቶ በኢፖክሲ ይጣበቃል። የብሎኑ ቀዳዳ በመጀመሪያ ሰፋ ተደርጎ ተበስቶ በኢፖክሲ ይሞላል፤ ሲጠነክር በልኩ እንደገና ይበሳል። በዚህ ዘዴ ብሎኑ እንጨቱን አይነካም፤ ውኃም መንገድ አያገኝም።

ዋናው ነገር ግን ከወለሉ በታች ያለው ነው። ብሎኑ ወለሉን አልፎ ከግርጌው ሁለት እጥፍ በሚሰፋ፣ ማዕዘኑ በተሞረደ ወፍራም ላሜራ ላይ በሮንዴላና በዳዶ መታሰር ይኖርበታል፤ የሚቻል ከሆነ ላሜራው ወለሉን ከተሸከሙት አግዳሚዎች ጋር ይያያዝ። ከሥር እጅ የማይገባ ከሆነ ወለሉን ቆርጦ ክዳን ያለው መግቢያ መሥራት ይገባል። ድካም ነው፤ ሆኖም የሚቀር አይደለም።

በአንዳንድ ጀልባዎች ሰፊ ቦታ ለማግኘት ሲባል ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋው የጣውላ መቀመጫ ተነቅሎ የምሰሶ መቀመጫ ይተካል። ይህ ሊታሰብበት ይገባል፤ ያ ጣውላ መቀመጫ ብቻ ሳይሆን የጀልባው ጎኖች እንዳይከፈቱና እንዳይጨፈለቁ የሚይዝ አግዳሚ ነው። ለአነስተኛ የአርዲቦ ጀልባ ጣውላውን በቦታው ማጠናከር ይሻላል። የግድ ከተነሣ ግን ሌላ አግዳሚ በስፍራው ሳይገባ ጀልባው ወደ ውኃ መውረድ የለበትም።