ደረጃው ቀርቷል፣ ቤቱ ግን የለም



እኛ በምንኖርባት በአትላንታ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አርቪ የሚሉትን፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ትልቅ መኪና ተከራይተን ወደ ሚሲሲፒ የባሕር ዳርቻ ወረድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና ውሻዋ ቡቺ። «ውሻ ደግሞ ምን ሊያደርግ ይመጣል?» ብዬ ነበር፤ ሰሚ አላገኘሁም።

በሀይዌይ 90 ስትነዱ በአንድ በኩል ባሕሩ፣ በሌላው በኩል እዚህም እዚያም ባዶ መሬት አለ። በባዶው መሬት ላይ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሞ ታያላችሁ፤ ወደ የትም አያስገባም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመታ ባሕሩ በአንዳንድ ስፍራ ከ8 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቤቱን ወሰደው፤ ደረጃው ብቻ ቀረ። ቢሎክሲ ከተማ ስትደርሱ ግን በ1848 የተሠራው የብረት መብራት ቤት በመንገዱ መካከል ቆሟል። ያው ነፋስ፣ ያው ውሃ ነው የመታው።

ወገኖቼ፣ እንዳትሳሳቱ። የእነዚያ ሰዎች ቤት የፈረሰው ከእኛ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ጌታ በሉቃስ 13 ይህን አሳብ ዘግቶታል። ነገር ግን በማቴዎስ 7 እንዳስተማረን ዝናቡ ለሁለቱም ቤቶች ዘነበ። ጥያቄው፦ የእኔና የአንተ መሠረት ምንድን ነው?

በሁለተኛው ምሽት የማዕበል ማስጠንቀቂያ መጣ። አርቪ ቁመቱ ረጅም ነው፣ ብርቱ ነፋስ ይገለብጠዋል። እኔ ግን፣ «የሦስት ሌሊት ከፍያለሁ፣ የትም አንሄድም» አልኩ። ቡቺ በሩ ላይ ቆሞ ይጮኻል። ውሻ በበላበት ይጮኻል አይደል የሚባለው? ባለቤቴ፣ «አንተ ሰው፣ ለተከፈለ ገንዘብ ብለህ ልጄን ልታስጨርስ ነው?» አለችኝ። እያጉረመረምኩ በሌሊት ወደ ሰሜን፣ ወደ ሃቲስበርግ ነዳሁ።

ጠዋት ስንሰማ ማዕበሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሯል። «ይኸው! ገንዘባችን በከንቱ ቀረ» ልል አፌን ስከፍት፣ ልጄ ውሻዋን አቅፋ ተኝታ አየኋት። አፈርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ገንዘቤን ስቆጥር እርስዋን አልቆጠርኳትም ነበር።

የዚያ ሌሊት ነፋስ ዞሮልናል። ሞትና ፍርድ ግን አይዞሩም። ታዲያ አንተን ከመውጣት የሚይዝህ ምንድን ነው? የከፈልክበት ነገር ነው?

በካትሪና ጊዜ ብዙ ሰዎች ሳይወጡ የቀሩት መጠለያዎቹ እንስሳ ስለማይቀበሉ፣ ውሻና ድመታቸውን ጥለው መሄድ ስላልቻሉ ነው። በ2006 የአሜሪካ ምክር ቤት፣ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ የቤት እንስሳ ያላቸውንም ሰዎች እንዲያስብ ሕግ አወጣ። ሰው ከጥፋት በኋላ ተማረ። እግዚአብሔር ግን በኖኅ መርከብ ለእንስሳት አስቀድሞ ስፍራ አዘጋጀ፤ በዮናስ 4፥11 የነነዌን ከብቶች እንኳ አሰበ። ከብቱን ያሰበ አምላክ አንተን ይረሳል? «እኔን አይቀበለኝም» አትበል። በሩ ክርስቶስ ነው፤ ዛሬም ክፍት ነው። ማስጠንቀቂያውን ስትሰማ ተነሥ!

እንጸልይ፦ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ በአሸዋ ላይ ሠርቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። የሞትክልኝ፣ የተነሣህልኝ አንተ ነህና መሠረቴ ሁን። ከቤተ ሰቤ ጋር በአንተ አስጠጋኝ። አሜን።