«ደህና ነኝ» ለሚለው ጎረቤታችን
(በእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የመዋጮም የድንኳንም አይደለም። ሰው በሥራ ብዛትና በኑሮ ሩጫ መካከል የአእምሮውን ጤና እንዴት ይጠብቃል የሚል ነው። «ይህማ የሐኪም ሥራ ነው፤ እድርን ምን አገባው?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም የኮሚቴው አባላት መጀመሪያ እንደዚሁ ነበር ያልነው።

ነገሩን ያስጀመረን አንድ የሰፈራችን ሰው ነው። ስሙን አንጠራም፤ የምንናገረውም እሱ ራሱ ፈቅዶልን ነው። በቅሎ አከራይ ነበር፤ እንግዳ ይዞ ሳንቃበር ሲወጣ ሲወርድ የኖረ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣና እንግዳው ቀረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ደጃችን ደረሰ። በቅሎዎቹን ሸጠና በኪራይ ባጃጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ይሠራ ጀመር። መንገድ ላይ ስናገኘው «እንዴት ነህ?» እንለዋለን፤ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይለናል፤ እናልፋለን። ለካ ሰውየው ለወራት ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ነው የሚያነጋው! በልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ እህል አይቀምስም፣ ያለ አረቄ ዓይኑ አይከደንም። በመጨረሻ ባለቤቱ «መኖር ሰለቸኝ አለኝ» ብላ እያለቀሰች መጣች።

ያን ቀን ያፈርነው እፍረት ነው ይህን ንግግር ያስጻፈን። ሰውየው ቢሞት ኖሮ ጥሩምባው ተነፍቶ ድንኳኑ ወዲያው ይተከል ነበር። ንፍሮ ተቀቅሎ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቱ ባልተለየን። በቁሙ ግን አንድ ምሽት እንኳ አልተቀመጥንለትም።

እሱ ብቻ ደግሞ አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ዳባት ወረዳ ጭና ላይ ንጹሐን ሰዎች ተገድለዋል፤ ከመካከላችን የዘመድ ሬሳ ያነሡ አሉ። ልቅሶው አለቀ፤ ሰው ወደ እርሻው፣ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ከዚያ በፊትም በ2008 ዓ.ም. ከግጭ መንደር ለፓርኩ ሲባል ተነሥተው ደባርቅ የገቡ ወገኖቻችን አሉ። ገብሱን ከጎተራው፣ ወተቱን ከላሙ ይወስድ የነበረ ሰው ዛሬ ሁሉንም በገንዘብ ይገዛል፤ ጎረቤቱንም እንደ አዲስ ይለምዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ባለፉት አሥር ዓመታት ጦርነት ባየ አገር ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ አንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ይኖረዋል። በዚህ ስሌት እስቲ የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ ቁጠሩ።

ዳባት ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ጥናት ጣቢያ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ቤት ለቤት እየዞረ ልደትና ሞትን ይመዘግባል። በየሌሊቱ የሚያፈጠውን ዓይን ግን የቤቱ ሰው ካልተናገረ ማን ይመዘግበዋል?

አንዳንዶቻችን ሥራ ሐዘንን ያስረሳል እንላለን። እውነት አለው፤ በመጠኑ ሲሆን። ሰው የሚሮጠው እንዳያስብ ሲሆን ግን ሐሳቡ ቀን ቀን ይደበቅና ሌሊት ራስጌው ላይ ይቆማል። አረቄም እንደዚሁ ነው፤ ቶሎ ያስተኛል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ያነቃል፤ እንቅልፉንም ስስ ያደርገዋል። ስለ እናቶቻችንማ ምን እንላለን? ዶሮ ሲጮኽ ተነሥተው፣ እንጀራ ጋግረው፣ ውኃ ቀድተው፣ ገበያ ወጥተው፣ ማታ ሁሉ ከተኛ በኋላ የሚተኙ ናቸው። «ራሴን አመመኝ፣ ደረቴን ወጋኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ» ሲሉ ማስታገሻ እንገዛላቸዋለን። ጭንቀት በብዙ ሰው ላይ በአካል ሕመም በኩል እንደሚወጣ ሐኪሞች ይነግሩናል። ድካሙን ሳናቃልል ኪኒን ብቻ መግዛት ምን ይረባል? ወንዶች ይህን ስትሰሙ መሬት መሬት አትዩ፤ ውኃ መቅዳት ሴትነትን አይጠይቅም።

ቡናችንም ተለውጧል። ድሮ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነበር፤ አሁን አንዱን ስኒ ቆመን ጨልጠን፣ ስልካችንን እያየን እንወጣለን። በአቦሉ ስለ ዋጋና ስለ ዝናብ ይወራል፤ የሆድ ነገር የሚወጣው በረካው ላይ ነበር። እኛ በረካውን ትተን ስናበቃ ሰው ለምን አይነግረንም ማለት አንችልም።

ሐዘን ሁሉ በሽታ አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ሲጠፋ፣ የሚወዱት ነገር ሲያስጠላ፣ ተስፋ ሲቆረጥ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ሲቆይ ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ይህን ነው፤ ይታከማል። መሞትን የሚያነሣ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይጠበቅም። ያን ቀን ብቻውን አይተው፤ ገመዱና የተባይ መድኃኒቱ ከአጠገቡ ይራቅ፤ ይዘነው እንሂድ። «ስለዚህ ብጠይቀው አስታውሰዋለሁ» ብላችሁ አትፍሩ፤ መጠየቁ ቀለል ያደርግለታል እንጂ አያነሣሣውም።

ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ሲባል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር የሚታወቀው፤ ስሙ መሰዳደቢያ እስኪሆን ድረስ። ዛሬ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕክምናው አለ። መድኃኒቱ ግን እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓት አይሠራም፤ ለውጡ እስኪታይ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል። የኛ መንገድ ደግሞ ይዘጋል፤ ስለዚህ ሐኪሙን የሚበቃ መድኃኒት አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ጠበሉስ? የሚሉ እናቶች አሉን። ማንም ጠበል ተዉ አላለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ለዚህኛውም ያው ነው፤ ጠዋት ተጠምቆ መድኃኒትን በሰዓቱ መዋጥ።

የነገርናችሁ ጎረቤታችን ሕክምናውን እየተከታተለ ነው። ባጃጁን ማታ 1 ሰዓት ላይ ያቆማል። ገቢው ቀንሷል፤ ይህን አንደብቅም፤ የልጆቹ ደብተር ሲገዛ ተቸግሯል። እንቅልፉ ግን ተመልሷል።

እንግዲህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየአሥር ቤቱ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ፣ ይመረጡ፤ ሐዘን የቆየበትን፣ ከሰው የራቀውን፣ አዲስ የገባውን ቤት በወር አንድ ጊዜ ቡና ይዘው ይጠይቁ። የሰሙትን ሌላ ቤት ወስደው የሚያወሩ ከሆነ ከምርጫው ይውጡ፤ በዚህ ላይ ምሕረት የለንም። ጎንደር ለሚታከም ሰው የመጓጓዣ ብድር ከእድሩ ይሰጥ፤ ለቀብር የተመደበው ግን አይነካ። አንዳንድ አባላት «እድር የተቋቋመው ለሞተ ነው፤ ደንቡ አይፈቅድም» ብለውናል። ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን።

በመጪው ወር ስብሰባ እጅ ይወጣበታል። ቀርታችሁ በኋላ «ሳንጠየቅ ተወሰነ» እንዳትሉ። ቡናው ሦስቱም ይፈላል፤ ተረኞች ስኒ ይዛችሁ ኑ፤ የእድሩ ስኒ ከግማሽ በላይ ተሰብሯል።

የእድሩ ኮሚቴ