ከፈረስ ስለ መውረድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በሉቃስ ወንጌል በ10ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት ነገር አለች። ሳምራዊው ቁስለኛውን ያስቀመጠው በገዛ እንስሳው ላይ ነው። እርሱን ካስቀመጠ ራሱ በእግሩ ሄደ ማለት ነው። ዛሬ ልናስብ የምንወደው ስለዚህ መውረድ ነው።

ይህን ነገር የአዊ ሰው ፈጥኖ የሚያስተውለው ይመስለናል። በእንጅባራና በዳንግላ፣ በአዊ ምድር ሁሉ፣ ፈረስ የሰው ክብሩ ነውና፤ በሠርግም በኀዘንም ከሰው አይለይም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ መታሰቢያ፣ በዐድዋ የዘመቱትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። አባቶቻችን ግን መውጣቱን ብቻ አላስተማሩንም። ፈረሰኛ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ ከፈረሱ ወርዶ፣ ተሳልሞ እንዲያልፍ ሥርዐት አቆሙልን።

ካህኑና ሌዋዊውም የቤተ መቅደሱን ክብር ያውቁ ነበር። የሳቱት በመንገድ የወደቀው ሰው የእግዚአብሔር አርአያ መሆኑን ነው። ለተሠራው ሕንጻ የሚወርድ፣ ለተፈጠረው ሕንጻ እንዴት አይወርድም?

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የሚወስደው መንገድ ከደጋ ወደ ቆላ የሚያወርድ ቁልቁለት ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚወርደውም እንዲሁ ነው። በዚያ በቻግኒ፣ ራንች በተባለው ስፍራ፣ በመተከል ከደረሰው ግድያ የሸሹ ብዙ ሺህ ሰዎች በ2013 ዓ.ም. ተጠልለው ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ልባችን አስቀድሞ፣ «የማን ወገን ነው? ቋንቋው ምንድር ነው?» ሊል ይወዳል። አይሁድና ሳምራውያን የማይተባበሩ ነበሩ፤ ሳምራዊው ግን ዘር ሳይጠይቅ ቁስል አየ። ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራው ማን እንደ ሆነ ጠየቀ፤ ጌታችን ግን እርሱ ራሱ ለማን ባልንጀራ እንደሚሆን መለሰለት።

ምናልባት፣ «እኛ ፈረስ የለንም» የሚል ይኖር ይሆናል። ፈረስ የሌለው ሰው የለም። የሹም ፈረሱ ወንበሩ ነው፤ አንድ ድኻ ለአንዲት ፊርማ ሦስት ቀን በደጁ ሲመላለስ ሹሙ ከዚያ ይውረድ። የነጋዴ ፈረሱ ሚዛኑ ነው፤ እህል በተወደደ ጊዜ ከትርፉ ይውረድ። የተማረ ሰው ፈረሱ ዕውቀቱ ነው፤ ማመልከቻ መጻፍ ላልቻለች ባልቴት ይውረድ። የተጣሉ ጎረቤቶችም ፈረሳቸው ኩራታቸው ነው፤ አስቀድሞ የወረደው እርሱ አሸናፊ ነው።

ሳምራዊው ወርዶ ብቻ አልቀረም፤ ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ሁለት ዲናር ሰጠ፤ የሚጎድለውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። አባቶቻችን ሲተረጕሙ ቁስለኛው አዳም፣ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ማረፊያው ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ነው ይላሉ። እንግዲህ ከሰማየ ሰማያት ወርዶ የተሸከመን እርሱ ነው፤ ተመልሶም ይመጣል። በመጣም ጊዜ የሚጠይቀን ስንት ጊዜ በፈረስ እንደ ወጣን አይደለም፤ ለማን እንደ ወረድን ነው።

ለመውረድ የሚበቃ ትሕትናን፣ የወደቀውንም የምናነሣበትን ጕልበት ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።