የተዘጋ ቅርንጫፍና የአስቀማጭ መብት

ዛሬ የምናነሳው የአስቀማጭ መብትን ነው። የአስቀማጭ መብት ማለት ባንክ ያኖርነውን ገንዘብ ስንጠይቅ የማግኘት መብት ነው። እስኪ እህላችሁን ጎረቤት ጎተራ አኖራችሁ እንበል። መንገድ ተዘግቶ መድረስ አቃታችሁ። እህሉ ግን ያው የእናንተ ነው፤ ጎረቤትም ዕዳው አልተፋቀለትም።

አሁን ወደ ትግራይ እንምጣ። በትግራይ ጦርነት መሐል፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ፣ በክልሉ የባንክ አገልግሎት ተቋረጠ። ቀስ በቀስ የተመለሰው ጦርነቱን ካስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ፣ ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ባንኮቹ ግን አልከሰሩም፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ይሠሩ ነበር። ታዲያ ገንዘቡን ከባለቤቱ የለየው ምንድን ነው? በአንድ አገር ውስጥ የተሰመረ የፖለቲካ ድንበር ነው። «በጦርነት መሐል ጥሬ ገንዘብ እንዴት ይጓጓዛል?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አደጋው ቅርንጫፍ ሊያስዘጋ ይችላል። ነገር ግን ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ቅርንጫፍ ሂሳብ የከፈቱ ሰዎች አዲስ አበባ ሆነውም ገንዘባቸውን ማንቀሳቀስ ተከልክለው ነበር። እዚያ የሚጓጓዝ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም። «የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ይፈቅዳል» ቢባልስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ብዙ መብቶችን መገደብ ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 25ን፣ የእኩልነትን መብት ግን አይነካም። እናም የአስቀማጭ መብት ሂሳቡ በተከፈተበት ቦታ ሊለያይ አይገባም። የተቀማጭ ገንዘብ መድን አለ ቢባልም፣ እሱ የሚደርሰው ባንክ ሲወድቅ ነው። ባንኩ ጤነኛ ሆኖ በሩ ሲዘጋ የአስቀማጭ መብት በምን እንደሚጠበቅ ሕጉ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል።