ፊልሙ ላይ የሚሰማው «ዝም የማለት መብት»

እህቶቼ፣ ባለፈው «ፖሊስ ቢይዘን ዝም ማለት እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ የማውቀውን ይዤ መጥቻለሁ።

«ዝም የማለት መብት አለህ፤ የምትናገረው በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆንብሃል» የሚለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሰማነው ግን ማዳም ፊልም ስታይ እኛ ልብስ ስንተኩስ ነው። ነገሩ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ1963 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ኤርኔስቶ ሚራንዳ የሚባል ሰው ፊኒክስ ከተማ ተይዞ፣ ሲመረመር ቆይቶ አምኖ ፈረመ። ወረቀቱ ላይ «መብቴን አውቄ በፈቃዴ የሰጠሁት ቃል ነው» የሚል ነገር አስቀድሞ በታይፕ ተጽፎበት ነበር። ጠበቃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ግን አልነገሩትም። በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረና ፖሊስ ከመጠየቁ በፊት መብቱን እንዲናገር አዘዘ። (ሚራንዳ እንደገና ተከሶ በሌላ ማስረጃ ተፈርዶበታል። ዝም ያለ ሁሉ ነጻ ይወጣል ማለት አይደለም።)

እኔን የሚገርመኝ የአገራችን ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 ይህንኑ ይላል፤ ከአሜሪካው ፍርድ አራት ዓመት ከመንፈቅ ይቀድማል! ፊልም ስላልተሠራለት ስንቶቻችን ሰምተነዋል? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው ይህ መብቱ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል።

እዚህ ሊባኖስም በ2001 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 47 ዝም ያለን ሰው አስገድዶ ማናገርን ይከለክላል። ለቤተሰብ ወይም ለጠበቃ መደወል፣ አስተርጓሚና ሐኪም መጠየቅም እዚያው አለ። ሕጉ ተጻፈ ማለት ግን ሁልጊዜ ይሠራበታል ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

ከእኛ ጋር የሚጋጨው ሌላ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲጠይቅ ዝም ማለት ንቀት ነው። ማዳም ቤትም ዝም ያለች «ሰርቃለች» ትባላለች። ስለዚህ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ ለምን ዝም እንዳልሽ ተናገሪ። ስምሽን ንገሪ፣ አትቆጪ፣ አትሳደቢ፤ ከዚያ «ማ ብፍሀም፣ ማ ብምዲ፣ ቢዲ ሙተርጅም» በይ። አልገባኝም፣ አልፈርምም፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ደጋግመሽ በይው።

በተለይ ፊርማው ላይ። በዓረብኛ የተጻፈ ወረቀት አምጥተው «ፈርሚና ሂጂ» ሲሉሽ፣ የሚራንዳ ወረቀት ላይ ምን ተጽፎ እንደነበር አስቢ። የጣት አሻራም እንደ ፊርማ ነው። ዓረብኛ መናገር የምትችሉም ብትሆኑ፣ መናገርና ማንበብ ይለያያሉ።

ሦስቱን ቃላት በፊደላችን በትንንሽ ወረቀት ጽፌያቸዋለሁ። ስትወጡ በር ላይ አንዳንድ ውሰዱ፤ ስልክ ግን ሊወሰድ ስለሚችል ቃላቱን በቃላችሁ ያዙ። ዛሬ መውጣት ላልተፈቀደላቸው ጎረቤቶቻችሁም ያዙላቸው።