ስም ከዝርዝር ሲቀር፦ ስለ ሴፍቲኔት ቅሬታ ለጠቅላላ ጉባኤያችን የቀረበ ንግግር



ስለ ቁጠባውና ስለ ብድሩ ገንዘብ ያዣችን ትነግራችኋለች፤ እኛ እሱን አንነካም። እንድንናገር የተጠየቅነው በዚህ ዓመት ብዙ ቀን ስለፈጀብን ሌላ ሥራ ነው። ስማቸው ከሴፍቲኔት ዝርዝር የቀረ ወይም የተሰረዘ አካል ጉዳተኞችን ይዘን ቅሬታ እናቀርባለን። ማንም አላዘዘንም። የጀመርነው ከቡድናችን አንዷ እናት የሳምንት ቁጠባዋን መክፈል ሲያቅታት «ምን ነካት?» ብለን ቤቷ የሄድን ዕለት ነው።

ለእንግዶቻችን ትንሽ እናስረዳ። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳን የመሰሉ የምግብ እጥረት የማይለያቸው ወረዳዎች ገቡበት። መሥራት የሚችል ሰው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል፤ ለዚያም ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል። መሥራት የማይችልና በቤቱም የሚሠራለት ሰው የሌለው ግን ሥራ ሳይጠየቅ ይደገፋል። ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ የሚባለው ይኸ ነው። የልማት ሥራው ክፍያ በዓመት ለ6 ወር ሲሆን የቋሚ ድጋፉ ለ12 ወር ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲዛወር ምን ያህል እንደሚጎድልበት አስሉት።

ያቺ እናት ዓይኗን የወሰደባት ትራኮማ ነው። የቀረላት ብርሃንና ጥላን መለየት ብቻ ነው። በቋሚ ድጋፍ ተመዝግባ ነበር። ዝርዝሩ እንደገና ሲጣራ ሰዎች ቤቷ መጡ፤ እሷም ውኃ የሞላ ጀሪካን ይዛ ከጓሮ ወደ ቤት ስትገባ አዩዋት። «መሥራት ትችላለች» ተብሎ ተጻፈና ወደ ልማት ሥራው ተዛወረች። እርከን ሥራ ላይ አንድ ቀን ዋለች። በሁለተኛው ቀን ከካቡ ላይ ወድቃ ክንዷን ወለም አላት። ከዚያ ቀረች፤ ስለቀረች ክፍያዋ ቆመ።

«ለምን አልተናገርሽም?» ስንላት «ዝም አይነቅዝም፣ ልጆቼ» አለችን።

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍነው እኛው ነን፤ ስለዚህም ስህተቱ የእኛው ነው። «ምስኪን ናት፣ ጧሪ የላትም፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ» ብለን አንድ ገጽ ሞላን። የቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አንብቦ መለሰልን። «እዚህ ቀበሌ ምስኪን ያልሆነ ማን አለ?» አሉን። ተናደድን፤ መንገድ ላይም ብዙ አወራን። ቤት ደርሰን ደብዳቤውን እንደገና ስናነበው ግን እውነታቸውን ነበር። ዓይኗ እንደማያይ የሚለው አንዲት መስመር ብቻ ነበር፤ እሱም መጨረሻ ላይ።

ሁለተኛውን የጻፍነው አንድ ሙሉ ቀን ከእሷ ጋር ከዋልን በኋላ ነው። ከቤቷ እስከ ጓሮ የምትሄደው አጥሩን እየዳሰሰች መሆኑን ጻፍን። ከአጥሩ ውጭ ሰው እጇን ካልያዛት እንደማትንቀሳቀስ ጻፍን። ሽምብራ ስትለቅም ጠጠሩን በጣቷ እንጂ በዓይኗ እንደማትለይ፣ እሳት የምታነደው የጎረቤት ልጅ ሲመጣላት መሆኑን ጻፍን። ሐኪም ቤት ወስደናት የተሰጣትን ወረቀት አያያዝን። ከዚያ ኮሚቴውን «ኑና ከአጥሩ ውጭ እዩዋት» ብለን ለመንን።

መጡ። ሊቀመንበሩ ምንም ሳይናገር ሄዶ ከፊቷ ቆመ። እሷ ከእኛ ጋር ወሬዋን ቀጠለች፤ ሰው ከፊቷ መቆሙን አላወቀችም። እንደዚያ ትንሽ ቆየና «እማማ፣ ደህና ነዎት?» ሲላት ደነገጠች። የዚያኑ ዕለት ወደ ቋሚ ድጋፍ እንድትመለስ ተስማሙ። ያለፉት ወራት ክፍያ ግን አልተመለሰላትም። እሱንም በጽሑፍ ጠይቀናል፤ እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የምንጽፈው በዚህ መንገድ ነው። አንድ ሰሞን በደብዳቤው መጀመሪያ ላይ ሕጉን እንጠቅስ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲረዳ ያዛል፤ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትንም በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ጉዳዩ ወደ ወረዳ ሲወጣ ይህን መጥቀስ ይጠቅማል። ቀበሌ ላይ ግን አንቀጽ ስንጠቅስ «ከሳሽ መጡ» ተባልን፤ በር ተዘጋብን። እዚያ የሚሠራው የአጥሩ ነገር ነው።

ሌላው ያስቸገረን የሌለ ልጅ ነው። አንዲት እግሯ የማይታዘዝላት መበለት «የደረሰ ወንድ ልጅ አላት» ተብላ ከቋሚ ድጋፍ ቀረች። ልጁ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ የወረደ ሲሆን ከወረደም ብዙ ክረምት አልፎታል። ቤተሰብ መዝገቡ ላይ ግን ዛሬም አለ። የእኛ አገር ሰው ይህን ያውቃል፤ ከጋይንትም ከስማዳም ከእስቴም ስንቱ ወጣት ቆላ ወርዶ እንደቀረ። እናት ደግሞ «ልጄ የለም» ብላ ማስጻፍ አትወድም። «ሞቷል እንዳልል በሕይወት አለ ይሉኛል፤ አለ እንዳልል አይረዳኝም» ስትለን ምን እንበላት? ስሙን አስፍቁት አላልናትም። «ልጁ በቤቱ አይኖርም፣ የሚልከውም ገንዘብ የለም» የሚል ጽፈን የእድሩ ዳኛና ሁለት ጎረቤቶች ፈረሙበት። ይኸ በቃ። እሷም ፊርማዋን ስታኖር የልጇ ስም መዝገቡ ላይ እንዳለ መሆኑን ሁለት ጊዜ አስነብባ አረጋገጠች።

ወረቀት የጠፋባቸውም አሉ። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲገባ በከተማችን ሴቶች ላይ የደረሰውን እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ዛሬ አንዘረዝረውም። የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከዚያ በፊት ታክመው ማስረጃ የነበራቸው ሰዎች «ወረቀትህን አምጣ» ሲባሉ የሚያመጡት የላቸውም። በዚያው ጊዜ የቆሰሉም ቁስላቸው የሚታየውን ብቻ ነው የሚናገሩት፤ የማይታየውን በኮሚቴ ፊት ተናገሪ ብለን አንዲትም ሴት አናስገድድም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲያጋጥመን ከጤና ባለሙያ ጋር ብቻ እንድትነጋገር አድርገን፣ ለኮሚቴው «መሥራት አትችልም» የሚለውን ውሳኔ ብቻ እናቀርባለን። ምክንያቱን ሲጠይቁን አንናገርም። በዚህ የተነሳ የተሸነፍንበት ጉዳይ አለ፤ ቢሆንም አንጸጸትም።

አሁን ደስ የማይለውን እንናገር። ቀበሌው ኮታ አለው። አንዱ በቅሬታ ሲገባ አንዳንዴ ሌላው ይወጣል። ያቺ እናት ወደ ዝርዝሩ በተመለሰች ሰሞን አንድ አዛውንት ስማቸው ወጣ፤ የወጣው በእሷ ምክንያት ይሁን በሌላ ማንም በግልጽ አልነገረንም። ሚስታቸው ገበያ ላይ አግኝታን «ማኅበራችሁ የእኔን ባል አስወጣ» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም። የእሳቸውንም ጉዳይ ያዝን። ከመካከላችን «ይኸ የማያልቅ ነገር ነው፣ ባልጀመርነው ይሻል ነበር» ያሉ አሉ፤ ንግግራቸው ቃለ ጉባኤያችን ላይ ተጽፏል። የበዛነው ግን ኮታው ማነሱን ራሱን በጽሑፍ ለወረዳ ማቅረብ አለብን አልን። ስም በስም ቅሬታ የሚያቀርብ ከሌለ «ኮታው በቃ» ተብሎ ይቀራልና።

ሌላም አለ። ከእኛው አባላት አንዷ የቀበሌው መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነች። «መሥራት ትችላለች» ብለው ከጻፉት አንዷ እሷ ነበረች። ስማ ደነገጠች፤ ማኅበሩን ልልቀቅ አለች። አላስለቀቅናትም። ቤት ለቤት ስትዞር በቀን ስንት ቤት እንደምታይ፣ በየቤቱ ስንት ደቂቃ እንደምትቆም ነገረችን። በጀሪካኑ ለምን እንደተሳሳተች የገባን ያኔ ነው። አሁን አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «እኔ ይህን ሳነብ ምን ብዬ እጥለዋለሁ?» እያለች ደብዳቤያችንን ቀድማ የምታነበው እሷ ነች። ቅሬታ በሚሰማበት ቀን ግን አትገባም፤ የመረጠና ቅሬታ የሚሰማ አንድ ሰው መሆን የለበትም።

ደመወዝተኛ ሆነው የተጎዱም ይመጣሉ፦ የቀድሞ መምህር፣ የጥበቃ ሠራተኛ። የእነሱ መንገድ ሌላ ነው፤ በጡረታ ሕግ የሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ ያስፈልጋቸዋል፣ ጥያቄያቸው ውድቅ ከሆነም የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። እኛ እዚያ ድረስ አንችልም። ወረቀታቸውን አስተካክለን የይግባኙ ቀን እንዳያልፍባቸው እንነግራቸዋለን፤ ከዚያ በላይ ለጠበቃ ነው።

ለደጋፊዎቻችን ስለ ገንዘቡ። የሰጣችሁን ለሦስት ነገር ውሏል፤ ለትራንስፖርት፣ ለካርድና ለምርመራ፣ ለፎቶ ኮፒ። ትልቁ ትራንስፖርቱ ነው፤ ምክንያቱም መራመድ የማይችል ሰው ብቻውን አይሄድም፣ የሁለት ሰው ሒሳብ ነው፤ ልዩ ሐኪም ካስፈለገ ደግሞ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ድረስ ነው፤ መንገድ በተዘጋበት ቀን አዳርም አለበት። ለማንም ባለሥልጣን ሻይ ቡና አልከፈልንም፤ ደረሰኞቹ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ናቸው፤ እዩዋቸው።

አባላት ሆይ፣ አንድ ነገር አደራ። ዝርዝሩ ለሕዝብ ሲነበብ ስብሰባው ላይ ተገኙ። ስሙ የቀረውን ሰው የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበትን ቤተሰቡ ይደብቀዋል፤ ጠበል ነው እያለ ስለ ሌላው አይናገርም። ስብሰባው ላይ ስሙን አትጥሩ፤ ማታ ለእኛ ንገሩን። ቅሬታ ስታስገቡ ቅጂ ያዙ፤ ተቀባዩ በቅጂው ላይ ቀን ጽፎ እንዲፈርም ጠይቁ። «ነገ ና» ከተባላችሁም የተባላችሁበትን ቀን ጻፉ። ፊደል የማትቆጥሩ የልጆቻችሁን ደብተር ተጠቀሙ፤ ልጆቹ ይጽፉላችኋል።

የአዛውንቱ ጉዳይ በቀበሌ አልተፈታም። ሊቀመንበሩ «ወረዳ ውሰዱት» ብሎ በጽሑፍ ሰጥቶናል፤ ይኸም ራሱ አንድ ነገር ነው፤ በፊት በቃል ብቻ ነበር የሚመልሱልን። ወረዳም ካልሆነ ባሕር ዳር የእንባ ጠባቂ ተቋም ቅርንጫፍ አለ፤ እስካሁን አልደረስንበትም። የፊታችን ሰኞ ወረዳ እንሄዳለን። እሳቸው በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም፤ በቃሬዛ አውጥተን ከመኪናው መንገድ የምናደርሳቸው አራት ሰዎች ያስፈልጉናል። ከጎብጎብ በኩል ያላችሁ ወንድሞቻችሁን ወይም ባሎቻችሁን ዛሬ ጠይቃችሁ ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊዋ ስማቸውን አስመዝግቡ።