ገነተ ልዑል የአደራ ቤት ነው
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ደብተራችንን ይዘን በየቀኑ የምናልፍበት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት ገነተ ልዑል ብዙ ያየ ቤት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚሁ ግቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መንግሥት ለመገልበጥ በተሞከረ ጊዜም በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተገደሉ፤ ጠላትን በዱር በገደል የተዋጉት ራስ አበበ አረጋይ ከነዚሁ አንዱ ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም ቤቱ የዕውቀት ቤት ሆነ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም በውስጡ ተደራጀ።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ቤት እንዴት እንጠብቀው? መልሱ ከደጁ ቆሟል። ፋሽስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በየእርከኑ እየቆጠሩ የሠሩትን ደረጃ ተመልከቱ። አባቶቻችን አላፈረሱትም፤ ከጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አቆሙበት። የጠላት ትዕቢትም የእኛም ድል በአንድ ድንጋይ ላይ ይነበባል።

እንግዲህ መጠበቅ ማለት ደስ የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ ማስቀረት፣ ወይም አሮጌውን በአዲስ ቀለም መሸፈን አይደለም። የሐዘኑም ክፍል እንደ ክብሩ ክፍል ይጠበቅ። እኛም በግድግዳው ላይ ስም መጫር እንተው፤ ጣሪያው ሲያፈስ ያየም ዝም አይበል። ቤቱን ከኛ በኋላ ለሚመጡት እናስረክባለንና አደራ በላ እንዳንባል።